ከደጀ ሰላም የመለስኳት ሴት

የሌላውን ኃጢአት ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደባርቅ ውስጥ ቄስ ነኝ፤ የንስሐ ልጆቼ ብዙ ናቸው፣ ያልሰማሁት ጉድ የለም ብል አልዋሸሁም። የራሴን አንዷን ግን ለሚስቴም፣ ለገዛ የነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ፊት በየጊዜው እንበረከካለሁ። ቁጣዬን፣ ሆዳምነቴን፣ ጾም የገደፍኩበትን ሁሉ እዘረዝርና እዚች ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ዛሬ እናንተ አንባቢዎቼ የነፍስ አባቶቼ ሁኑ። ቀኖና ባትሰጡኝም ስሙኝ።

አንዲት ሴት መልሻለሁ። እጇን ይዤ ላስገባት ሲገባኝ መልሻታለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ቅዳሴው አልቆ፣ ካህናቱ ወደየቤታቸው ተበትነው፣ እኔ ደጀ ሰላሙ በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስልክ እያወራሁ ነበር። የማወራው ከአንድ የዳባት ሰው ጋር ስለ ሞንታርቦ ነው። ለበዓሉ ሊያከራየን ቃል የገባልንን ድምፅ ማጉያ ለሠርግ ሰጠሁት አለኝ። ነደድኩ። ያለ ሞንታርቦ ምን በዓል አለ? የእግዚአብሔር ቃል እስከ መናኸሪያው ድረስ መሰማት አለበት እያልኩ እጮህበት ጀመር። ለቃሉ የተቆረቆርኩ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ላውጣውና፣ ባለፈው ዓመት የጎረቤት አጥቢያ ድምፅ ከእኛ ስለበለጠ ነው።

እንዲህ እያለሁ አንድ ሰው መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ቀና ብዬ አላየሁም። ያየሁት እግር ብቻ ነው፤ አቧራ የዋጠው የሴት እግር፣ የላስቲክ ጫማ፣ የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሶ በሲባጎ የታሰረ። «አባቴ፣ ስለ እመብርሃን» አለች። በበዓል ሰሞን ደጃችን በለማኝ ይሞላል፤ ሁሉም የሚጀምሩት እንዲህ ብለው ነው። እኔም ሁልጊዜ የምለውን አልኩ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ መዳፌን ዘርግቼ፣ «እግዜር ይስጥሽ እናቴ» አልኳት።

እኛ አገር ሰው የሚመለሰውም በእግዜር ስም ነው። የለኝም፣ አልሰጥም ማለት ነውር ነው። እግዜር ይስጥሽ ይባላል፤ ለማኙ አሜን ብሎ ያልፋል፣ መላሹም ደግ የተናገረ መስሎት ይቀራል። እኔ በዚህ ስም ስንቱን እንደመለስኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ስሙ አፌ ላይ ነበር። እሱ ራሱ ግን በሐሳቤ አልነበረም።

ሴትዮዋ ትንሽ ቆመች። ልትጨምር የፈለገችው ነገር እንደነበር ያኔም ሳይገባኝ አልቀረም። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ሰውየው «ሠርጉ ሲያልቅ አደርስልዎታለሁ» ማለት ጀምሮ ነበርና እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። «አሜን አባቴ» አለች። በሩን ተሳልማ ሄደች።

ለማኝ አልነበረችም። ባሏ እየሞተ ነበር፤ ቄስ ልትጠራ ነው የመጣችው።

ይህን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ለፍትሐት ተጠራሁ። ከበየዳ ወደ ሆስፒታል ያመጡት ገበሬ ነው አሉኝ። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ስለነገሯቸው፣ መናኸሪያው አጠገብ ተከራይተው በያዙት ክፍል ውስጥ ነው ያረፈው። አገሩ ሩቅ ስለሆነ እኛው ዘንድ ሊቀበር ነው። ወንድሙ መርዶውን ሰምቶ በጭነት መኪና ደርሷል።

እንደ ወጉ ጠየቅሁ፤ ንስሐ ገብቷል ወይ? ወንድምየው አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ተቆጣሁ። አዎ፣ እኔ ተቆጣሁ! ክርስቲያን እንዴት ሳይናዘዝ ይሞታል፣ ከተማው ሙሉ ካህን እያለ እንዴት ቄስ የሚጠራ አንድ ሰው ይጠፋል ብዬ በለቀስተኛው ፊት ገሠጽኩ። አስከሬኑ አጠገብ ኩርምት ብላ የተቀመጠችው ሚስቱ ተነሣች።

«ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ» አለች። «ቄስ ጥሪልኝ እያለኝ፣ እኔ ነኝ ያልደረስኩለት።»

ድምፁን አወቅሁት። ዓይኔን ወደ እግሯ ጣልኩ፤ ሲባጎውን አየሁ።

ምን ማለት ነበረብኝ? «መጥታ ነበር፤ የመለስኳት እኔ ነኝ።» ይህችው ናት። ሕፃን ልጅ ይላታል። እኔ፣ ድምፄ እስከ መናኸሪያው ይሰማልኝ ብዬ የምጮኸው ሰውዬ፣ አልወጣኝም። እሷም አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም አወቅን። ከዚያ «እግዚአብሔር መሐሪ ነው» አልኩና መጽሐፌን ገለጥኩ። ወንድምየው «የሻረግ፣ ወንድሜን እንደ ከብት ገደልሽው!» እያለ ሲጮህባት ስሟን ሰማሁ። ንባቤን ቀጠልኩ። አንዲት ቃል አልተሳሳትኩም።

መብረቅ አልወረደብኝም። ያን ቀን ምሳዬን በላሁ። ማታ ተኛሁ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። ሞንታርቦውም ለበዓሉ ደረሰልን፤ በእሱው ስለ ምሕረት ሰበክሁ። «ዛሬስ ልባችንን ነኩት» አሉኝ ሰዎች። የኔን ልብ ግን ምንም አልነካውም። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ጸጸት እንኳ በወጉ አልመጣም። ብርድ የመታው ጣት ቢቆነጥጡት አይሰማውም፤ እንደዚያ ነኝ። መቅደስ እገባለሁ፣ እቀድሳለሁ፣ አቆርባለሁ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። እኔ ግን ሌላ ሰው ሲሠራ እንደሚያይ ሰው ከዳር ቆሜያለሁ።

የንስሐ ልጆቼ መጥተው «አባ፣ የኑሮ ሩጫው እግዚአብሔርን አስረሳን» ይሉኛል። ነጋዴው ሱቁ፣ አስተማሪው ስልኩ፣ እናት ልጆቿ እንዳዘናጓት ትናገራለች። አይዟችሁ እላቸዋለሁ፤ በሥራችሁ መካከል ፈልጉት፣ እዚያው አጠገባችሁ ነው እላለሁ። እኔስ ምን አዘናጋኝ ልበል? እኔ የተቀመጥኩት በገዛ ደጁ፣ የምጨቃጨቀው ለገዛ በዓሉ ነበር። እግዚአብሔር ራሱ ከእግዚአብሔር አዘናጋኝ ልበል? እንዲህ ያለ ኑዛዜ ቢመጣልኝ እኔ ራሴ ምን ቀኖና እንደምሰጥ አላውቅም። እግዚአብሔር በዚያች ሴት እግር ከበየዳ ድረስ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። ቀና ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አንገቴን ማቅናት! ይህን ያህል ከባድ ነበር?

ወሬው ወደ አገሯ ቀድሟት ገባ። ባሏን ሳታናዝዝ የገደለች ተባለች። የባሏ ዘመዶች አገለሏት፤ በማኅበርም በለቅሶም ላይ የሚቀርባት ጠፋ። ይህንንም ሰምቻለሁ። ለጉዳይ ደባርቅ የመጣ አንድ የበየዳ ቄስ እያዘነ አጫወተኝ። «ወይ ጉድ» አልኩት። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የመለስኳት፤ ደጀ ሰላሙ ላይ መለስኳት፣ አስከሬኑ ፊት መለስኳት፣ በዚያ ቄስ ፊትም መለስኳት። የመጀመሪያዋን ሳላይ ነው ልል እችላለሁ። ሌሎቹን ግን እያየሁ ነው።

ዓመታት አለፉ። በቅርቡ ለስብሰባ ዳባት ሄጄ ገበያ መካከል ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። አገሯን ለቅቃ እዚያ ነው የምትኖረው። ፊቷን አሁን ገና ደህና አድርጌ አየሁት፤ ከገመትኩት በላይ ወጣት ናት። ብድግ ብላ መስቀሌን ተሳለመች።

«ያን ቀን እኔ እንደመለስኩሽ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ይቅር በይኝ ማለት ሲገባኝ ጠየቅኋት። ቄስነት ክፉ ልማድ አለው፤ ሲጠይቁ መኖር ይለመዳል።

«ምን ብዬ ልናገር አባቴ?» አለች ሽንኩርቱን እያስተካከለች። «ወንድምየውን አያውቁትም እንጂ ቁጡ ነው። አንቱ እንደመለሱኝ ቢሰማ ዳግመኛ ለቄስ አፉን አይከፍትም ነበር፤ ልጆቹም እንደሱው። አንድ ሰው ሳይናዘዝ ሞተ። ቤቱ በሞላ ሳይናዘዝ ይለቅ?»

«አሁን እኔ ልንገራቸው» አልኳት።

«ይተዉት አባቴ፤ ለምጄዋለሁ» አለች።

ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ቀለለኝ። ከስንት ዘመን ድንዛዜ በኋላ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር እፎይታ ነው። ይተዉት አለችኝ፣ በቃ፣ ተፈታሁ አልኩ በሆዴ። አንድ እፍኝ ሽንኩርት በወረቀት ጠቅልላ «ለቤትዎ» ብላ ሰጠችኝ፤ ተቀበልኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው ያፈርኩት። ከሠራሁት ሁሉ የማፍረው በዚያች እፎይታ ነው።

እሷ ይተዉት ያለችው ለእነሱ ነፍስ ብላ ነው። እኔ የተውኩት ለስሜ ብዬ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ አንድ ናቸው ልል አልችልም። ስልክ ይዤ ነበር አልልም፤ የበዓል ሰሞን ነበር፣ ለማኝ መሰለችኝ አልልም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ አንዱም ግን ምክንያት አይሆነኝም። የሟቹን ክርስትና ስም በየቅዳሴው አነሣለሁ። የነፍሱን ነገር ከዚህ አልፌ ምን ላድርገው? አላውቅም፤ እሱ ከእጄ ወጥቷል። የሷ ግን ገና በእጄ ነው።

ዝናቡ ቆም ሲል ወደ በየዳ፣ ወንድምየው ቤት እወጣለሁ። እሷን አላስፈቅድም። ቄስ መጥላቱ ካልቀረ እኔን ይጥላ፤ ሌላ ደግ ቄስ አይጠፋም። እዚያ ስደርስ አፌ እንደ ልማዱ እንዳይያዝ ስለምፈራ፣ ይህን አስቀድሜ ጽፌዋለሁ። መናገር ቢያቅተኝ የሚያነበው ሰው ያንብብላቸው፤

የሻረግ፣ ባሏ ቄስ ጥሪልኝ እንዳላት፣ መጥታለች። በጊዜው ደርሳለች። የመለስኳት እኔ ነኝ።