የዓርብ ብርድ ልብሶች

ብርድ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ሲዞር የሚያወጣው ድምፅ ከሌላው ልብስ ይለያል። አንሶላ ይንሿሿል። ቶብ፣ የዓረብ ወንዶች ረጅም ቀሚስ፣ ቁልፎቹ ከብረቱ ጋር እየተጋጩ ቸክ ቸክ ይላል። ብርድ ልብስ ግን ውሃ ጠጥቶ ከከበደ በኋላ ላይ ወጥቶ ሲወድቅ ድም፣ ድም ይላል፤ ለሚያስብለት ሰው ከበሮ ነው። ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ፣ አል ጀለዊያ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ስሠራ ብርድ ልብሶቹን ከሐሙስ ጀምሬ ለዓርብ አስቀራቸው ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ሰፈሩ ጁምዓ ይሄዳል። የእኛም የብረት መዝጊያ ይወርዳል። ከመዝጊያው ኋላ ግን በጓሮ በር አንድ በአንድ እየገባን፣ በታጠፉ አንሶላዎችና በተሰቀሉ ቶቦች መካከል ቆመን እንጸልያለን፣ እንዘምራለን። ስምንት ዘጠኝ ብንሆን ነው። ድምፃችን ወደ መንገድ እንዳይወጣ ማሽኑ መዞር አለበት። የማዞረው እኔ ነበርኩ።

ካህን አልነበረንም፤ ስለዚህ ቅዳሴም የለም። የሚመራን አንድ ዲያቆን ነው። አገር ቤት ዜማ የተማረ፣ እዚህ አል ሻጢእ ባሕሩ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ ሹፌር ሆኖ የሚሠራ ሰው። ዓርብ አባወራው መኪናውን ራሱ ስለሚነዳ እሱ የእኛ ይሆናል። በሌላው ነገር ሁሉ ለስላሳ ነው። በዜማ ግን አይደራደርም፤ አንዲት ድምፅ ከቦታዋ ብትንሸራተት ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ይቋጥራል።

እኔ እዚያ ማኅበር የገባሁት ዕዳ ይዤ ነው። የገንዘብ አይደለም፤ የስለት። ወደ የመን ስንሻገር ጀልባዋ ውሃ መያዝ በጀመረች ጊዜ «ካሻገርከኝ አገለግልሃለሁ» ብዬ ነበር። በምን እንደማገለግል አልጠቀስኩም። ዝርዝር ውስጥ ለመግባት የሚመች ሰዓት አልነበረም፤ ውሃው ጉልበቴ ደርሷል። ተሻገርኩ። እናቴ ስለቱን ነግሬያት ስለነበር፣ በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው።

«ማገልገል ጀመርክ ልጄ?»

«ዓርብ ዓርብ ልብስ አጥባለሁ፣ እማ።»

«እሱማ እንጀራህ ነው። ለእግዜር ነው ያልኩህ።»

እኔ ያሰብኩት መዘመር ነበር። ግጥሞቹን ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ፤ ማንም ሳያስጠናኝ፣ ከስልክ እየሰማሁ ቃል በቃል ይዣቸዋለሁ። ዲያቆኑ አንድ ቀን አቁሞ ፈተነኝ። ሁለት ስንኝ ዘመርኩ። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ወንድሜ፣ አንተ ማሽኑ ጋ በጣም ታስፈልገናለህ» አለኝ።

ኢንዱስትሪ ከተማው ውስጥ ካንዱ መጋዘን ካርቶን የሚያወርድ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው የወሎ ልጅ ነበር፤ የመዘምራኑ ሁሉ ጉልበት እሱ ነው። እሱ እንደ ዲያቆኑ አልተጨነቀልኝም።

«ድምፅህ እኮ እንደኔው ነው» አለኝ። «ኢቃማ የለውም። የትም ቢወጣ ይያዛል።»

ማሽኑ ጋ ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩ ዘንድ በደንብ ልቀመጥ ብዬ የማሽኑን መመሪያ ሥዕሉን ከቁልፎቹ ጋር እያመሳከርኩ አጠናሁት። ሲያጥብ ድምፁ መካከለኛ ነው፤ ያኔ ዲያቆኑ ያስተምራል። ሲያለቀልቅ ጸሎት ይደረጋል። ሲጨምቅ ቤቱን ያናውጠዋል፤ መዝሙር የሚዘመረው ያኔ ነው። ውሃውን ሲደፋ ግን ጭር ይላል፤ እጄን ሳነሣ ሁሉም ባለበት ዝም ማለት አለበት። አንድ ዓርብ ዲያቆኑ «ጌታችንም መልሶ እንዲህ አላቸው» ሲል እጄን አነሣሁ። ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ሁላችንም ጌታችን ምን እንዳለ እየጠበቅን ቆምን። የወሎው ልጅ በጆሮዬ «አንተ እኮ ወንጌል የምታቋርጥ ሰው ነህ» አለኝ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ሁሉም እንደ ወጉ ለመዘምራኑ «ዝማሬ መላእክትን ያሰማልን» ይላሉ። እኔም ከበርጩማዬ ላይ ሆኜ እላለሁ። ማሽን ላዞረ ሰው የሚባል ምርቃት የለም።

ከበርጩማዬ በላይ ዱቄት ሳሙና የምናስቀምጥበት መደርደሪያ አለ። የስልክ መሰኪያውም እዚያው ነው፤ ኔትወርክም ከቤቱ ሁሉ እዚያ ይሻላል። ከፋሲካ በኋላ ስልኬን ዓርብ ዓርብ እዚያ ማኖር ጀመርን። ዲያቆኑ በሚሠራበት ቤት ያለች የቤት ሠራተኛ ናት ምክንያቷ። የጎንደር ልጅ ናት፤ ከመጣች ጀምሮ ብቻዋን ከበር ወጥታ አታውቅም። ዓርብ ቤተሰቡ ለምሳ ጎረቤት ከተማ ኾበር አያትየው ዘንድ ሲሄድ በሩ ይቆለፍባታል። መኪናው እንደወጣ ሚስኮል ታደርጋለች፤ እኔ እደውልላታለሁ። ዲያቆኑ ሰላም ብሏት ስልኩን መልሶ መደርደሪያው ላይ ያኖረዋል። ሲያልቅ አንሥቶ «ሰማሽ፣ እኅቴ?» ይላታል። «ሰማሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላለች። ይኸው ነው። እኔ አነጋግሬያት አላውቅም።

በጥቅምት ላይ፣ በወርኃ ጽጌ፣ ከአዲስ አበባ አዲስ መዝሙር በሚሞሪ መጣልን። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ ስለተሰደደችበት ነው። እዚያ ቤት ለቆምነው ሁሉ ስደት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ወዲያው ወደድነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ወደ ላይ ይወጣል። ያንን ቦታ ከማሽኑ መጭመቅ ጋር ለማገጣጠም እኔም ከሥር ከሥር ግጥሙን እያልኩ መከተል ነበረብኝ። ማሽኑ አርጅቷል፤ ሲጨምቅ ከቦታው ይራመዳል። ስለዚህ ልክ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተነሥቼ በደረቴ እደገፈዋለሁ፤ ከንፈሬ ግን መዝሙሩን አያቆምም። ማንም እንደማይሰማኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ ራሴ እንኳ አልሰማኝም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ታመመች፤ ተሽሏት ስትደውልልኝ ያንኑ ጠየቀችኝ። «እኔ ሳልሞት ስለትህን አድርስ» አለችኝ፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ ቀለል አድርጋ። ዲያቆኑን ለብቻው ያዝኩት።

«ስለት አለብኝ፣ ዲያቆን። አንድ አገልግሎት ስጠኝ። ማንበብም ቢሆን።»

«ማሽኑስ?»

«ማሽኑ ሥራዬ ነው። አሠሪዬ ካፊሉም ያዝዘኛል።»

አሰበ። «ከገና በኋላ እንነጋገር» አለኝ። ሰው እንዳይከፋው ሲፈልግ ነገር ሁሉ ከገና በኋላ ነው።

ከገና በፊት የጎንደሯ ልጅ የመውጫ ፈቃዷ፣ ኹሩጅ፣ ወጣላት። ውሏ አልቆ ወደ አገሯ ልትገባ ነው። የመጨረሻዋ ዓርብ ሚስኮሏ እንደ ወትሮው መጣ፤ ደወልን፤ ዲያቆኑ ሰላም አላት። ስልኩን ሊያኖረው ሲል ግን ትንሽ ቆየ፣ አዳመጠ፣ ወደ እኛ ዞረ።

«‹ስሰማችሁ ከረምኩ፣ ዛሬ እኔ ላሰማችሁ› እያለች ነው።»

የስልኬ ድምፅ ማጉያ ከትንኝ አይበልጥም። ሁሉም ማሽኑን አየ፤ ከዚያ እኔን። አጠፋሁት። ብርድ ልብሶቹ አንዴ ተንሸራትተው ተኙ። እዚያ ቤት ዓርብ በጸሎት መካከል ማሽኑ ሲጠፋ የመጀመሪያው ነው፤ የወሎው ልጅ ጉሮሮውን ሊጠርግ አስቦ ተወው። ስልኩን በታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ከበብነው።

የጽጌውን መዝሙር ጀመረች። ያማረ ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ የማይቸኩል። የመጀመሪያው ስንኝ ልክ ነው። ሁለተኛው ትንሽ አዘመመ። ሦስተኛው ላይ ዜማው መውጣት ሲገባው ወደ ታች ወረደ።

ዲያቆኑ ጥርሱን ያመመው ሰው ሆነ። «ይህን ድፋት ከየት አመጣችው?» አለ በሹክሹክታ።

ወረደችና፣ እዚያ ታች ላይ ድምፅዋን ታንቀጠቅጠው ጀመር። ረጅምና ወጥ መንቀጥቀጥ ነው።

«ርክርክ!» አለ ዲያቆኑ። ርክርክ የዜማ ምልክት ነው፤ ድምፅ የሚርገበገብበትን ቦታ ያሳያል። «እዚህ ላይ ርክርክ? ማን አስተማራት?»

የወሎው ልጅ እኔን አየ። ማሽኑን አየ። ደረቴን አየ። ከዚያ ከተሰቀሉት ቶቦች የአንዱን እጅጌ ስቦ አፉ ውስጥ ከተተ።

እኔም ያኔ ገባኝ። ያ ድፋት የእኔ ነው። መንቀጥቀጡም የእኔ ነው፤ በትክክል ለመናገር ግማሹ የብርድ ልብሶቹ ነው። ከበርጩማዬ እስከ ስልኩ አንድ ክንድ አይሞላም።

ጨረሰች። «ዝማሬ መላእክትን ያሰማልን» አልን ሁላችንም።

«እንዳላበላሽባችሁ ፈርቼ ነበር» አለች። «ያው እንደ ወንድማችን አደረግኩት።»

«እንደ የትኛው ወንድማችን?» አለ ዲያቆኑ፣ መልሱን እያወቀ።

«እንደ መሪው ነዋ! የሌሎቻችሁ ድምፅ ከማጠቢያው ጋር ይቀላቀልብኛል፤ ጥርት ብሎ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያማ ደብሮኝ ልተወው ነበር። እዚህ ቤት ስድስት ቀን ማጠቢያ ስሰማ እውላለሁ፣ በሰባተኛው ደግሞ ተደውሎልኝ ማጠቢያ ልስማ? ለእናንተ መንገር ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። በኋላ እሱ ከሥር መዘመር ጀመረ፣ እኔም አብሬው። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ያለቅሳል አይደል? እኔም እዚያ ስደርስ አለቅሳለሁ።»

ማንም አልሳቀም። የወሎው ልጅ እንኳ እጅጌውን ከአፉ አወጣው። ዲያቆኑ እውነቱን ሊነግራት ይችል ነበር፤ ነገር ሳያስተካክል የሚያድር ሰው አይደለም። ስልኩን ከፎጣው ላይ አንሥቶ ለእኔ ሰጠኝ።

«ይኸውልሽ» አላት። «ራሱን አናግሪው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። «እንደምን ነሽ» አልኩ።

«አንተ ነህ? ወንድሜ፣ አንተን ዝማሬ መላእክትን ያሰማህ። እዚህ ቤት ብቻዬን አልነበርኩም እኮ።» ከዚያ ከሩቅ የበር ድምፅ ተሰማ። «መጡ» አለች፣ ስልኩም ተዘጋ።

እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዲያቆኑ ያለወትሮው ማሽኑን ራሱ አስነሣው፤ ያውም በተሳሳተ ቁልፍ።

«ከገና በኋላ ያልኩህን ተወው» አለኝ። «ሰኞ ማታ ና። የምትሰማ ነፍስ ካለች ዜማው ልክ መሆን አለበት።»

«ከማሽኑ ልነሣ?»

«ማን ተነሣ አለህ? እዚያው በርጩማህ ላይ። ግን ልክ አድርገህ።»

በዚያው ማታ ሱቁ ተከፍቶ ከጎኔ ካውያ የሚይዘው የባንግላዴሹ ባልደረባዬ ያንን እጅጌው በጥርስ የተጨማደደ ቶብ ዘርግቶ መተኮስ ጀመረ። ዓርብ ከጁምዓ ቀጥሎ ኾበር ዘመዱ ጋ የሚውል ይመስለን ነበር። ለካ ከግድግዳው ማዶ ያለች አልጋው ላይ ነው የሚተኛው። ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦

«ኩሉ ጁምዓ ሰውት እንተ፣ ማፊ ዘይን። አልየውም ሰውት ሁርማ፣ ዘይን።» ዓርብ በመጣ ቁጥር የምሰማው የአንተ ድምፅ ደህና አይደለም፤ የዛሬዋ ሴት ግን ደህና ናት ማለቱ ነው። ደንግጬ ቆምኩ። እሱ ውሃ ረጨት አድርጎ ተኩሱን ቀጠለ። «ማፊ ሙሽኪላ» አለ። ሌላ ምንም አላለም፣ ያን ቀንም ከዚያም ወዲያ።

ለእናቴ ደወልኩ። «ጀምሬአለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

«ከጥቅምት ጀምሮ ኖሯል። አሁን ነው የሰማሁት።»

አልገባትም፤ ግን እልል አለች።

ከዚያ ወዲህ ዲያቆኑ በሚነዳው የቤተሰቡ መኪና ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር ቆመን፣ ያንን ሦስተኛ ስንኝ እስኪታክተው አስጠናኝ። ይወጣልኝ ጀመር፤ በጥሩ ቀን። ከገና ቀጥሎ ባለው ዓርብ ደግሞ የማላውቀው ቁጥር ሚስኮል አደረገልኝ። ጎንደሬዋ ከመሄዷ በፊት ቁጥሬን ለአንዲት ጎረቤት ሠራተኛ ሰጥታት ኖሯል። በኋላ ለሌላም ተላለፈ። መደርደሪያው ላይ ከኔ ስልክ ጎን የወሎው ልጅ ስልክ ተቀመጠ፣ ከሱ ጎን የዲያቆኑ። ዱቄት ሳሙናውን ወደ ወለሉ አወረድኩት።

እሷም አንድ ዓርብ ከጎንደር ደወለች፣ በሥራው መካከል።

«የሰፈራችን ሰንበት ተማሪዎች ፊት የጽጌውን መዝሙር አልኩላቸው» አለችኝ እየሳቀች። «‹ዜማው እንዲህ አይደለም› አይሉኝ መሰለህ? ‹እናንተ አታውቁትም፣ ይኼ የደማም ዜማ ነው› ብዬ ዝም አሰኘኋቸው።»

እኔ ነገር በልኩ ካልሆነ የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ፤ ትክክለኛውንም ያኔ አውቄዋለሁ። ላርማት አፌን ስከፍት ማሽኑ መጭመቅ ጀመረና መራመዱን ያዘ። ተነሥቼ በደረቴ ደገፍኩት።

«ል-ል-ልክ ብ-ብለሻል» አልኳት።