ወደ ኋላ የምትታጠፈው መኪና

ታላቅ እህቴ እትዬ ከሶቪየት ኅብረት ትምህርቷን ጨርሳ ደብረ ታቦር ስትመለስ ሰፈሩ የጠበቀው ሻንጣዋን እንጂ እሷን አልነበረም። ከሻንጣው አንድ ካፖርት፣ የሜካኒክ መጻሕፍትና በሬዲዮ የምትነዳ ቀይ የመጫወቻ መኪና ወጡ። ካፖርቱን አባዬ ወሰዱ፤ መጻሕፍቱን ማንም አልነካቸውም፤ መኪናዋ የእኔ ሆነች።

«ሱቁ ውስጥ ከዚህች የረከሰች አልነበረችም» አለች እትዬ፣ ሳታፍር።

መቆጣጠሪያዋ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። መኪናዋ ከተከፈተች ዝም ብላ ወደፊት ትሄዳለች፤ ቁልፉን ሲጫኑት ወደ ኋላ እየሄደች ወደ ግራ ትታጠፋለች። ሌላ ሙያ የላትም። ዘመኑ ሁሉም ነገር ወደ ግራ የሚዞርበት ስለነበር በዚህ ማንም ቅር አላለውም።

ችግሩ ሻንሲዋ ነበር። ሞተሩንና ጎማዎቹን የተሸከመው ወለሏ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ የተሠራው ምንጣፍ ለለበሰ ሳሎን እንጂ ለደብረ ታቦር ኮረት አይደለም። ብዙም ሳትቆይ ከደጃችን ድንጋይ ጋር ተላትማ ለሁለት ተሰነጠቀች።

አባዬ አናጢ ናቸው። «ወይራ እያለ ምን ያስለቅስሃል?» ብለው ከወይራ ሻንሲ ጠረቡልኝ። ሥራው ያምር ነበር፤ ጠርዙ ላይ ሐረግ ሳይቀር ቀርጸውበታል። ሞተሩን ስንገጥምበት ግን መኪናዋ እንደምትወልድ ላም አቃሰተችና ቆመች።

«እንጨቱ ምን አጠፋ? ሞተሩ ነው ሰነፍ» አሉ አባዬ።

«አባዬ፣ የሠሩት እኮ ሻንሲ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን በር ነው» አለች እትዬ።

አባዬ ተቀየሙ፤ ሻንሲውን ነቅለው መሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

በማግስቱ እትዬ ገበያ ዳር ኩራዝ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ወሰደችኝ። ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ላይ እሷ ለክታ አሳየቻቸው፤ እሳቸው «እኔ የምሠራው የሚበራ ነገር ነበር፤ ደግሞ የሚሮጥ መጣብኝ» እያሉ ቆረጡት። ጠርዙን ወደ ላይ አጥፈው አጠነከሩት። ሻንሲው ከድሮው ከፍ ስላለ ጠጠሩ ከሆዷ ሥር ማለፍ ጀመረ። ጎማዎቿንም ካረጀ ነጠላ ጫማ ቆርጠን አወፈርናቸው። ሆዷ ላይ «ዩ ኤስ ኤ» የሚለው የዘይቱ ጽሑፍ ቀረ። ቀለም ልቀባው ስል እትዬ «ተወው፤ ቀለምም ክብደት ነው» አለችኝ።

መኪናዋ በረረች። ስትበር ያያት ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር፤ ሲያልፍ ውሻ እንኳ ጅራቱን የሚሰበስብለት ሰው። አንቴናውን አይቶ ደጃችን ላይ ቆመ።

«ይሄ ሬዲዮ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?»

«ከመኪናዋ ጋር» አለች እትዬ።

«እሷስ ምን ትመልሳለች?»

«ምንም። የታዘዘችውን ታደርጋለች።»

«ጥሩ ካድሬ ናት» አሉ አባዬ ከበሩ ኋላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ።

ሊቀመንበሩ መኪናዋን አንሥቶ ገለበጣት። «ዩ ኤስ ኤ»ን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እትዬ ግን ዐይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከላይ የሶቪየት ናት። ኢምፔሪያሊዝም እንደሚያዩት ከሥር ተረግጦ ነው ያለው።»

ሰውየው ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። መኪናዋ የቀበሌው ወጣቶች የፈጠራ ሥራ ተብላ በአብዮት በዓል ላይ እንድትቀርብ ወሰነ። መቆጣጠሪያውንም ራሱ እንደሚይዝ ነገረን።

በበዓሉ ቀን ከአውራጃ የመጡት እንግዶች ከፊት ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ወጣ፤ እትዬ መኪናዋን ከፍታ ከመድረኩ ሥር ለቀቀቻት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት መቆጣጠሪያውን እንደያዘ ጡጫውን ወደ ሰማይ ሰነዘረ።

«አብዮታችን ወደፊት!»

ጡጫውን ሲያጠብቅ ቁልፉን ተጫነው። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች።

«ወደፊት!» አለ በኃይል። አሁንም ወደ ኋላ። እሱ በጮኸ ቁጥር እሷ ታፈገፍጋለች። መሳቅ አይቻልም፤ ስለዚህ አደባባዩ በሙሉ ማሳል ጀመረ። ጉንፋኑ በመጨረሻ እንግዶቹ ጋ ደረሰ፤ አንደኛው በመሐረብ አፉን ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤት ስንገባ አባዬ ጸሎት ጀመሩ፤ እትዬ ካፖርቷን አስመልሳ ለበሰች፣ ሊወስዷት ቢመጡ እንዳይበርዳት። ማንም አልመጣም። እሁድ ከሰዓት ግን ሊቀመንበሩ ብቻውን በሩን አንኳኳ።

«ጓዲት፣ ወደ ኋላ መሄዷን ማስቀረት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ። ግን መታጠፍም ይቀርባታል፤ ግድግዳ እስክትመታ ትሄዳለች።»

ሰውየው ራሱን አከከ። «እንግዲያው ተዪው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «እስኪ አንድ ጊዜ ልንዳት።»

ግቢያችን ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነዳት። ተከትሏት ዳኸ፤ ከዶሮዎቹ ጋር ተጋፋ፤ ስታመልጠው እንደ ልጅ ጮኸ። አባዬ ጠላ ይዘው ወጡና ትንሽ ካመነቱ በኋላ አጠገቡ ተቀመጡ።

«ከወይራ የጠረብኳት ሻንሲ ነበረች፤ ብንሞክራትስ?» አሉት።

«አምጧት» አለ ሊቀመንበሩ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።