አባዬ የተረጎመው ጸሎት

ልጅ እያለሁ ሳን ሆዜ በነበረው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እንደ አባዬ ትልቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ይነዳል። እሑድ ግን አንድ ሰው ማንም በማያውቀው ልሳን ሲጸልይ የሚነሣውና የሚተረጉመው እሱ ነው። የዚያ የኪራይ አዳራሽ የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

አንድ እሑድ እማዬ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ቅርባችን ባለችው ኒውአርክ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሩት የምትባል የሥራ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ሩት የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሰው ናት፤ አማርኛ አታውቅም። መዝሙሩ ሲያበቃ እጇን ዘርግታ፣ እያለቀሰች፣ ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች። አባዬ ብድግ አለ። "ጌታ እንዲህ ይላል፤ ዘንድሮ የተዘጋባችሁ በር ሁሉ ይከፈታል!" አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔም ኩራት ሊያፈነዳኝ ደረሰ።

ምሳ ላይ ሩት አባቴ ምን እንዳለ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ደስ እያለኝ ነገርኳት። ግራ ገባት።

"እኔ እኮ የጸለይኩት በዳጋ ነው፤ በአገሬ ተራራዎች የሚነገር የእናቴ ቋንቋ። እናቴ ታማለች፤ ሳላያት እንዳትሞት ነው የለመንኩት። እዚህ አገር በዳጋ የማወራው ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ ነው" አለችኝ።

አባዬ አጠገባችን ነበር። የጠቀለለው እንጀራ እጁ ላይ ቀረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሳምንቱ ማይኩን ያዘ። "ወገኖቼ፣ ሚስቴክ ሠርቻለሁ። እህታችን የጸለየችው በገዛ ቋንቋዋ ነው። እናቷ ታመውባት ነው። እኔ ከራሴ አውጥቼ ነው የተናገርኩት፤ ይቅር በሉኝ። አሁን ለእናቷ እንጸልይ።" ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጸለየ። እኔ ግን የእሱ ልጅ መሆኔ አሳፍሮኝ ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ከዚያ ወዲህ አባዬ ተርጉሞ አያውቅም። ሩትም ለእናቷ አልደረሰችም።

አሁን የአልጋ ቁራኛ የሆነው አባዬ ነው። ሰሞኑን ኦክላንድ፣ ቤቴ ውስጥ ተንበርክኬ ስጸልይለት ትንሿ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። "ዳዲ፣ በልሳን እየጸለይክ ነው?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ያ የልጅነት እፍረት እንደገና ፊቴን ለበለበኝ፤ አሁን ግን የማፍረው በራሴ ነው። ለካ እኔም በዚህ ቤት አማርኛ የማወራው ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ ነው።

"አይደለም የኔ ቆንጆ፤ አማርኛ ነው፣ የአያትሽ ቋንቋ" አልኳት። እሱንም ያልኳት በእንግሊዝኛ ነው።