ለእማሆይ የሠራሁት መንበር

አገሬ ላይ ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ በተናገርኩት ነው። ስለዚህ አትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ ጥገኝነት ስጠይቅ፣ የኢሚግሬሽን መኮንኗ እጄን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት አድርጋ ስታስረኝ «እነዚህስ ጨዋ ናቸው» አልኩ በሆዴ። ሰው ከለመደ በካቴናም ያማርጣል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የስደተኞች ማቆያ ወሰዱኝ። ክፍሉን ሳይ መጀመሪያ የገረመኝ ንጽሕናው ነበር። አገር ቤት እስር ቤት በአፍንጫ ይታወቃል፤ ይኼኛው የሚሸተው በረኪና ብቻ ነው። ሦስት አልጋ፣ ግርዶሽ የሌለው ሽንት ቤት፣ መጽሐፍ የምታህል መስኮት፣ ከመስኮቷ ሥር መዳፍ የምታክል ደፍ። ውጭ የጆርጂያ በጋ ሰው ይቀቅላል፤ ውስጥ እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበን እንንዘፈዘፋለን። ብርዱን ማን እንዳዘዘልን እስካሁን አልገባኝም።

አንደኛው አልጋ ላይ ፀጉራቸውን የተላጩ አሮጊት ተቀምጠዋል። ታመው መስሎኝ «እግዜር ይማርዎ» ልል ምንም አልቀረኝም። ለካስ የቲቤት መነኩሲት ናቸው። እኔም እማሆይ አልኳቸው፤ መነኩሲትን ሌላ ምን ብዬ ልጥራ? በስብርባሪ እንግሊዝኛ ታሪካችንን ተለዋወጥን። እሳቸው አገር ወታደሮች ገዳማቸው ገብተው የነሐሱን ቡድሃ ለማቅለጥ በመኪና ጭነው ወስደዋል፤ የሸክላዎቹን ሰባብረው መንገድ ዳር ካለ የቆሻሻ ቦይ ጥለዋቸዋል። እማሆይ ከቦዩ አንድ የሸክላ ራስ አንሥተው በቀሚሳቸው ሸሽገው ሲሄዱ ተይዘው ታሰሩ። እኔ በንግግር፣ እሳቸው በሸክላ። ወዲያው ተግባባን።

ሦስተኛዋ ያገሬ ልጅ ናት። አትላንታ ዳር፣ ክላርክስተን አካባቢ አረጋውያንን እየተንከባከበች ስትሠራ ኖራ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ጊዜው ሲያልፍ ተይዛ የመጣች ወጣት። ጴንጤ ናት፤ ጸሎቷም የምር ነው። አስተማሪ መሆኔን ስትሰማ ቲቸር አለችኝ፤ አንቱታውን ግን ክላርክስተን ጥላው ነው የመጣችው። ደግ ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ጥርሴ ሲንገጫገጭ አይታ የራሷን ሹራብ አውልቃ ያለበሰችኝ እሷ ናት።

እማሆይ ከምሳ የሚተርፋቸውን ነጭ ዳቦ በውኃ አሽተው፣ እንደ ሊጥ አድርገው፣ አውራ ጣት የሚያህል ቡድሃ ሠርተው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሩን አጣጥፎ ደፏ ላይ ይቀመጣል። ጠዋትና ማታ ይሰግዱለታል፤ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሲነሡ ሳይ የእኛ አሮጊቶች በሁዳዴ ትዝ ይሉኛል። ችግሩ ያገሬ ልጅ አልጋ ልክ ከመስኮቷ ሥር መሆኑ ነው። ለምኚልኝ፣ ታንሣልኝ አለችኝ። ለመንኩላት። እማሆይ ምስሉን ወደ ማዶው ጫፍ ገፋ አደረጉት። አልበቃትም።

በቀጠሮዋ ዋዜማ ጠዋት፣ እማሆይ ገላቸውን ሊታጠቡ እንደወጡ፣ ብድግ አለች።

«ነገ ኮርት አለኝ እኮ ቲቸር። ጣዖት ራስጌዬ ተቀምጦ እንዴት ነው የምጸልየው?»

መልሴን አልጠበቀችም። ምስሉን በመዳፏ ፈርክሳ ሽንት ቤቱ ውስጥ ጨመረችውና ውኃ ለቀቀችበት። ክፋት አልነበረም፤ ያን የዳቦ ፍርፋሪ ከልቧ ፈርታው ነበር።

እማሆይ ተመልሰው ደፏን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። ያገሬ ልጅ በአማርኛ፣ ጋርዷ ወሰደችው በያት አለችኝ። ያገር ልጅነት አንገቴን ያዘኝ፤ ሹራቧም ላዬ ላይ ነበር። ግን መርማሪ ፊት ቆሜ በሰው ላይ በሐሰት አልመሰክርም ያልኩ ሴት፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ አንዲት መነኩሲትን ልዋሽ? በእንግሊዝኛ፣ እሷ ናት የሰበረችው፣ ፈርታ ነው አልኳቸው። ያገሬ ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እማሆይ አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ምሳ ሲመጣ ዳቧቸውን ሳይቀምሱ እንደገና ማሸት ጀመሩ።

ጣቶቻቸው በቁርጥማት የተቆለመሙ ናቸው። ሲደክማቸው ከሊጡ ቆንጥረው ወደ እኔ ዘረጉ፤ ራሱን አንቺ ሥሪው ማለታቸው ነው። ተቸገርኩ። እኛ ሥዕል እንስላለን እንጂ ምስል አንቀርጽም፤ ከልጅነቴ የያዝኩትን በይሉኝታ አልጥልም። እምቢ ብሎ መቀመጡ ደግሞ በዚያ ቀን ላይ ሌላ መስበር ሆነብኝ። ሳወጣ ሳወርድ መንበር ትዝ አለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ታቦት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሚያርፍበት መንበር አለው። እሱን እርስዎ፣ መቀመጫውን እኔ አልኳቸው፣ በእጄም በአፌም። ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

የራሴን ዳቦ አምጥቼ አሸሁ። አራት ማዕዘን አደረግሁት፤ ዙሪያውን በማበጠሪያ ጥርስ ሐረግ አወጣሁለት፤ አራት አጫጭር እግር ተከልኩለት። የንስሐ አባቴ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ለመጠየቅም አልቸኮልኩም። ራስን ማመስገን ባይሆንብኝ ያማረ መንበር ነበር። እማሆይ አዲሱን ቡድሃ ገና ሳይደርቅ አስቀመጡበት፤ ልክክ አለ።

«አንቺም ለጣዖት ቲቸር?» አለችኝ ያገሬ ልጅ።

«ለእሳቸው ነው የሠራሁት» አልኳት። «ምስሉን ብትነኪ ጸብሽ ከእሳቸው ጋር ነው፤ መንበሩን ብትነኪ ግን ከእኔ ጋር።»

መጽሐፍ ቅዱሷን አንሥታ ጀርባዋን ሰጠችን። አልነካችውም።

ብዙም ሳይቆይ ድንገተኛ ፍተሻ መጣ። ጠባቂዋ ጓንት አጥልቃ፣ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ገባች። ምግብ ክፍል ውስጥ ማቆየት ክልክል ነው፤ የተገኘበት ሰው ሪፖርት ይጻፍበታል፤ ሪፖርቱም ዳኛው ዘንድ ይደርሳል እየተባለ ሁላችንም እንፈራ ነበር። ጠባቂዋ ደፏን አየችና ይሄ ዳቦ የማን ነው አለች። ዳቦ ነው ያለችው። ያገሬ ልጅ የሰበረችው ፈርታው ነው። ይህቺ ግን ምን እንደሆነ እንኳ አላየችውም። ከጠዋቱ ይልቅ ይኼ አንገበገበኝ።

እማሆይ የእኔ ነው አሉ። እኔም ተነሥቼ ቆምኩና «ግማሹ የእኔ ነው» አልኩ። የራሴ ጉዳይ ገና ዳኛ ፊት አልቀረበም ነበር። ይህን ስጽፍ ግን እኮራለሁ።

ጠባቂዋ የከረጢቱን አፍ ከፍታ ዘረጋችልን። እማሆይ ምስሉን ከነመንበሩ አንሥተው መጡና ከረጢቱ ፊት ቆሙ።

«ትራሽ፣ ኖ» አሉ ቀስ ብለው። «ዋተር። ፕሊስ።»

በውኃ እናሟሟው ማለታቸው ነው፤ ሸክላዎቹ የተጣሉበት ያ የመንገድ ዳር ቦይ ታየኝ። ጠባቂዋ ሰዓቷን አየች፤ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ቶሎ በሉ አለች።

የዚያ ቤት ቧንቧ የሚዞር ነገር የለውም። ቁልፉን በጣት ሲጫኑት ትንሽ ፈሶ ይቆማል፤ ደግሞ መጫን ነው። እማሆይ ምስሉን በሁለት መዳፋቸው ይዘዋል፤ እኔ ከሥር መንበሩን በሁለት መዳፌ ይዣለሁ። ቁልፉን የሚጫን እጅ ጠፋ። አንዳችን አንድ እጃችንን ማንሣት እንችል ነበር። አላነሣንም፤ እንዲህ ያለ ነገር ባንድ እጅ አይያዝም። ጠባቂዋ ከረጢቷን ታንኮሻኩሻለች። ያኔ ያገሬ ልጅ፣ ነገ ዳኛ ፊት የምትቆመዋ፣ ከአልጋዋ ወርዳ መጣችና አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

ውኃው መጣ። መጀመሪያ የቡድሃው ፊት ሄደ፣ ከዚያ ትከሻው። መንበሬም በጣቶቼ መሐል ለስልሶ ሐረጉ ጠፋ። ውኃው በቆመ ቁጥር ትጫነዋለች። እማሆይ በከንፈራቸው አንድ ነገር ያነበንባሉ። መዳፋችን ውስጥ ምንም እስከማይቀር ድረስ ጣቷን አላነሣችም። ጠባቂዋ ባዶ ከረጢቷን ይዛ ወጣች። ሪፖርት ትጻፍ አትጻፍ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ኢስት ፖይንት እኖራለሁ፤ መንገደኞችን ከኤርፖርት ሆቴል የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። እማሆይን ከዚያ ሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ግዛት አዛወሯቸው፤ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ያገሬ ልጅ ወረቀቷን አገኘች፤ አቮንዴል እስቴትስ ትኖራለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር እንጠራራለን። ልጆቼ ስለ እስር ቤት ሲጠይቁኝ መርማሪ ፊት የተናገርኩትን መስማት ነው የሚፈልጉት። እኔ ግን ያን ከረጢት ባዶውን ስለመለስንበት ቀን ነው የምነግራቸው። ከዚያ የበለጠ ያሸነፍኩበት ቀን የለኝም።

እሷ አሁንም ጣዖት ነበር ነው የምትለው። አልከራከራትም። በቀደም እሑድ ደጇ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስናወራ፣ ያን ዕለት ሪፖርት ቢጻፍብሽ ኖሮ ኮርቱ ይበላሽብሽ አልነበረም ወይ፣ ምን አስነሣሽ ብዬ ጠየቅኋት። ዓመታት ሙሉ ልጠይቃት ፈልጌ ያልጠየቅኋት ነው።

«እንጃ ቲቸር» አለችኝ፣ የመኪናውን በር እየከፈተች። «እጃቸው ተይዞ ነበራ።»