ሶልያናን ከትምህርት ቤት ለማስቀረት ወደ ዴንሃግ

ሐሙስ፣ ከአምስተርዳም

ስነሣ ይዘንብ ነበር። እዚህ አገር ዘነበ ማለት ነጋ እንደ ማለት ነው፤ የሐሙሱ ግን ከላይ የሚወርድ ሳይሆን ከጎን የሚጋረፍ ዓይነት ነበርና ጃንጥላዬን ትቼ የላስቲክ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። የምሄደው ሮተርዳም፣ ልጄ ሂሩት ዘንድ ነው። በማግሥቱ ደግሞ አብረን ወደ ዴንሃግ፣ ለሰልፍ። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ እቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች፣ መንግሥት ነገሩን ሊያጠብቅብን ነው ብለው አቤት ሊሉ ተጠራርተዋል። ሂሩትም አንዷ ናት።

የልጅ ልጄ ሶልያና አምስት ዓመቷን ደፍናለች። አምስት የሞላው ልጅ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በሕግ ግዴታ ትምህርት ቤት ይገባል። ከዚህ የሚያመልጠው ወላጁ «በአካባቢያችን ያሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከእምነታችን ጋር አይገጥሙም» ብሎ አስቀድሞ ካስታወቀ፣ ሹማምንቱም ከተቀበሉት ብቻ ነው። ሂሩት አስታውቃ መልስ እየጠበቀች ነበር። ወሩ ሰኞ ይገባል።

እኔ ግን ሆዴ ሁለት ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ይህችው ሂሩት ናት። አዲስ አበባ አንደኛ ክፍል የገባች ጊዜ፣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ሽንኩርት እየላጥኩ «ይቺ ደግሞ ማናት?» እያልኩ ለቃቀምኩ። ለእኔ ትምህርት ቤት ማለት ልጄ በየቀኑ በእፍኟ ይዛልኝ የምትመጣው ቆሎ ነበር። አሁን ልጅን ከዚያ ለማስቀረት ልሰለፍ? ግን ልጅ «ነይልኝ» ስትል እናት ትሄዳለች። ሄድኩ።

ፈጣኙ ባቡር ተጨማሪ ክፍያ ስላለው ዘገምተኛውን ያዝኩ፤ በአሮጊት ቅናሽ አሥራ ሁለት ዩሮ ገደማ ወሰደብኝ። እሱም በስኪፖል በኩል ያልፋል። ስኪፖል የአውሮፕላን ማረፊያውን ሽንት ቤት ሳጸዳ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ አሁንም ባቡሩ እዚያ ሲቆም እጄ ጓንት የሚፈልግ ይመስለኛል። ሻንጣ የሚጎትተው ሁሉ ገባ። ከጎኔ አንድ ወጣት ተቀምጦ እስከ ላይደን በስልኩ ሲማር ነበር፤ መምህሩ ስልኩ ውስጥ ሆኖ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ይኼም ቤት አይደለም፣ ትምህርት ቤትም አይደለም፤ ምን ሊሉት ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወዲያ ሜዳው ነው። ጉብታ የለውም፣ ዓይን የሚያርፍበት የለውም። ቦዩ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ይፈሳል፤ ላሞቹ ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ቆመዋል።

ደረጃው

የሂሩት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን መሰላል በሉት። በየእርከኑ ላይ በቀለም የተጻፈ ፊደል ተለጥፏል። ሶልያና ከላይ ሆና ጠበቀችኝ።

«ኦማ፣ ቁሚ! "በ" ላይ ቆመሻል። በ"በ" የሚጀምር ካልተናገርሽ አታልፊም።» እዚህ ያደጉ ልጆች ለትልቅ ሰው «እርስዎ» ማለቱን አያውቁትም፤ ኦማ የሚሉትም አያትን ነው።

«በሽተኛ ጉልበት» አልኳት።

«እሱ ሁለት ቃል ነው!»

«ጉልበቴም ሁለት ነው።»

ሳቀች፤ አሳለፈችኝ። በመስኮት ወደ ወደቡ የሚሄዱትን መርከቦች እየቆጠረች መደመር ተምራለች። ኮንቴይነር ላይ ያለውን የላቲን ፊደል ታነባለች። ዳዊትም ከእናቷ ጋር ትደግማለች፤ ትርጉሙን ስጠይቃት «ሲያድጉ ነው የሚገባው» አለችኝ። እንዲህ ያለችውን ልጅ ማን አልተማረችም ይላል?

ሂሩት ለምን እንደዚህ እንደጨከነች አውቃለሁ። እዚህ ስንመጣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሒሳብ እንደ ውሃ ትጠጣ ነበር። እዚህ ደግሞ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ እንደ እህል ይበጠራል፤ ይሄ ለዩኒቨርሲቲ፣ ያ ለእጅ ሥራ ይባላል። ደችኛው ገና አፏ ላይ ሳይላላ በጠሯት። ዛሬ በአረጋውያን ቤት ሽማግሌ ታጥባለች። ሥራውን አትንቀውም፤ ግን «ሶልያናን በእነሱ ወንፊት አላስነፋትም» ትላለች። ሕጉ ይሄንን አይሰማም። ሕጉ የሚሰማው ሃይማኖትን ብቻ ነው። ሃይማኖቷም እውነት ነው፤ የሚጠዘጥዛት ቁስል ግን ሌላ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚጠይቃት የለም።

አማቼ መስፍን ከወደቡ መጋዘን ሲመጣ ራት ቀረበ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ዝምታው ሌላ ነበር። ሂሩት ነገ መድረክ ላይ የምታደርገውን ንግግር በደችኛ እያነበበች «እንዴት ነው?» ስትለው፣ «ጥሩ ነው» አለና ሳይጨርስ ከገበታው ተነሣ።

«ምን ሆነሃል ልጄ?» አልኩት።

«ደክሞኝ ነው እማማ። እርስዎ ይብሉ።»

ዓርብ፣ ዴንሃግ

ጠዋት አራታችንም ባቡር ያዝን። ሰልፉ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሂሩት ስኪልደርስዋይክ የሚባለው ሰፈር ወርዳ ከእትዬ አልማዝ ሱቅ በርበሬ ልትገዛ ፈለገች። ሰፈሩ ጠባብ ነው፣ ሱቁ በሱቅ ላይ ነው፤ የቱርኩ ዳቦ፣ የሱሪናሙ ዓሣ፣ የሞሮኮው ምንጣፍ፣ ከዚያ የአልማዝ ጓዳ የምታክል ሱቅ። አልማዝ የምትሸጠው በርበሬ ይብሳል ወይስ ምላሷ፣ እስካሁን አልለየሁትም። ወዴት እንደምንሄድ ስንነግራት ሚዛኑን አስቀመጠችው።

«ሰው ልጁን ለማስተማር ባሕር ላይ ይሰጥማል፤ እናንተ እንዳይማር ሰልፍ ትወጣላችሁ?»

«እንዳይማር አይደለም እትዬ አልማዝ፣ እኔ ላስተምራት ነው» አለች ሂሩት።

«አንቺ! ሽማግሌ ስታጥቢ ውለሽ መቼ ልታስተምሪ?»

«ሥራዬን ግማሽ ቀን አድርጌዋለሁ። የአንቺ ልጆች ትምህርት ቤት ሄደው ስልክ ሲደውሉልሽ በምንድን ነው የምታወሩት?»

አልማዝ ሚዛኑን መልሳ አነሣች። ሁለቱም ልጆቿ አማርኛ አይሰሙም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በርበሬውን አሰረችና ለሶልያና አንድ ከረሜላ ሰጠቻት። ለእኔ ቀስ ብላ «እርስዎ ምን ይላሉ እማማ?» አለችኝ።

«እኔ የመጣሁት የልጄን እጅ ለመያዝ ነው» አልኳት።

በትራም ወደ ማዕከላዊው ጣቢያ ሄድን። ከጣቢያው አጠገብ ያለው ሰፊ ሜዳ ጭቃ ሆኗል። ብዙ ሕዝብ ጠብቄ ነበር፤ አልነበረም። የፈረንጅ እናቶች የሱፍ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሕፃን ጀርባቸው ላይ ያዘሉ፤ ጥቂት ሻሽ ያሰሩ እስላም እናቶች፤ በካርቶን ላይ የተጻፈው ጽሑፍ በዝናቡ ቀለሙ እየወረደ። ልጆቹ ግን ደስ ይሉ ነበር፤ ጭቃውን እየቆፈሩ ቦይ ሠርተው ቅጠል ያንሳፍፉበታል። ከመኪና ላይ ድንች የሚጠብስ ሰው ነበር፤ ዓርብ በመሆኑ እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቀምስም፣ ለሶልያና አንድ ገዛንላት። አራት ዩሮ ተኩል፣ ለድንች!

አነከ የምትባል እናት መጥታ ሂሩትን አቀፈቻት። ሦስት ልጅ እቤቷ ታስተምራለች። የእኔ ደችኛ የመጥረጊያና የገበያ ደችኛ ቢሆንም የነገረችኝ ገባኝ፤ በሚቀጥለው ክረምት ወደ ቤልጂየም ሊዛወሩ ነው፣ እዚያ ይፈቀዳል። ቤታቸውን ለሽያጭ አቅርበዋል። እናቷ የልጅ ልጆቼ ሊርቁኝ ነው ብላ ስታለቅስ ሰንብታለች። እኔ ፈረንጅ ሲሰደድ ገና ማየቴ ነው። ደንግጬ ሂሩትን አየኋት፤ ሂሩት ዓይኗን አሸሸችብኝ። ያኔ ገባኝ፤ እምቢ ከተባለች እነሱም ያስቡታል ማለት ነው።

ተራዋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር የሂሩት ስልክ ጮኸ። ሌርፕሊክት ነው፤ የልጆችን ትምህርት ግዴታ የሚቆጣጠረው ሹም። በአንድ ጆሮዋ ላይ እጇን ጭና ሰማች።

«ስህተት ነው» አለች በደችኛ። «ልጄ የትም አልተመዘገበችም።»

ሰማች። እንደገና ሰማች። ስልኩን ስታወርደው ወደ መስፍን ዞረች። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።

«ሶልያና ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ከበጋ ጀምሮ ተመዝግባለች ይለኛል። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የተመዘገበች ልጅ በእምነት ሰበብ ልትቀር አትችልም ይላል። መስፍን?»

«አንዲት ሴትዮ መጥታ ነበር» አለ። «ከትምህርት ቤቱ። አንቺ ሥራ ነበርሽ። በየቤቱ እየዞሩ ነው። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ምሳ እየበላሁ ነበር፣ ብይ አልኳት፤ በእጇ በላች፣ ሂሩት! ምስሬን አመሰገነች። ከዚያ ስሟን እንያዝላት፣ ቦታ እንዳይሞላባችሁ አለችኝ። ቤቴ ገብታ፣ እንጀራዬን ቆርሳ፣ ፊት ለፊቷ እንዴት እምቢ ልበል? በያዘችው ስክሪን ላይ በጣቴ ፈረምኩ። ካልወሰድናት ይቀራል ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትቀየሚያለሽ ብዬ።»

ተቆጥታ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። እኔም ልገሥጸው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ያሳደግነው እንዲህ አድርገን ነው። የእሱ እናት፣ እኔም፣ ሁላችንም፤ የቤት እንግዳን አታሳፍር፣ እሺ ብለህ ሸኘው፣ የማይሆነውን በኋላ ቀስ ብለህ ተወው። አገራችን ቢሆን ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ስትጠብቅና ልጅቷ ስትቀር ነገሩ ይገባት ነበር። እዚህ ግን ሰው እሺ ካለ እሺ ብሏል፣ አለቀ።

የሂሩት ስም ተጠራ። አትወጣም ብዬ ነበር፤ ወጣች። የጻፈችውን ኪሷ ውስጥ ትታ በማይክሮፎኑ የተናገረችው ይህንን ብቻ ነው፤

«ልጄን አትውሰዱብኝ ልል ነበር የመጣሁት። አሁን እዚህ ቆሜ ሳለሁ ተወስዳለች አሉኝ። የእናንተ ገና አልተወሰዱም። እባካችሁ አጥብቃችሁ ያዙ።»

ሰዉ ማጨብጨቡን አላወቀበትም። አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ ተወው። ሶልያና ድንቿን ይዛ «ኦማ፣ ማን ነው የተወሰደው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ዝናቡ ነው ልጄ፣ ኮፍያሽን ልበሺ» አልኳት።

ጣቢያው

እነሱ ወደ ሮተርዳም፣ እኔ ወደ አምስተርዳም የምንለያይበት የባቡር መሳፈሪያ ላይ ቆምን። መስፍን ውሃ ልግዛ ብሎ ራቀ።

«ቤልጂየም ትሄዳላችሁ?» አልኳት።

«ስንቴ ልሰደድ እማዬ? አልሄድም። የእሱ ሥራ እዚህ ነው፣ አንቺ እዚህ ነሽ።» ከካፖርቷ ላይ ዝናቡን አራገፈች። «ሰኞ ትገባለች። ግን እኔ ልወስዳት አልችልም። በሩ ላይ ካለቀስኩ ትፈራለች። መስፍንን ደግሞ ከእሷ ጋር በዚያ በር ሲገባ ማየት አልፈልግም፣ ለጊዜው። አንቺ ውሰጂያት።»

«እኔ? ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ የማላውቀው?»

«እሷም አታውቅም» አለች ልጄ። ቀኑን ሙሉ ፈገግ ያለችው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም ወዲያው ጠፋ።

ባቡሬ መጣ። መስፍን ሮጦ መጥቶ የውሃ ጠርሙሱን በመስኮት ሊሰጠኝ ቢል መስኮቱ አይከፈትም። ጠርሙሱን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። እኔም ከውስጥ ጎንበስ አልኩ። በመስታወቱ ውስጥ ሁለታችንም አፈርን።

ቤቴ

ስገባ ካፖርቴ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። በር አጠገብ ሰቅዬው ተቀመጥኩ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ምንድን ነው ብትሉኝ ሕጉን አይደለም፤ ሕጉን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። ሂሩት ልክ ናት ወይስ አልማዝ፣ እሱንም አልፈረድኩም። እኔ ያየሁት፣ ያን ሰልፍ፣ ያን ሁሉ ካርቶንና ጩኸት፣ አንድ ጨዋ ሰው ምስር እየበላ ሊላት ያልቻላት አንዲት ቃል እንደቀደመችው ነው። ለልጆቻችን ማክበርን አስተምረናል፤ እንግዳን አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ ከዚያም «እህቴ፣ ይሄ አይሆንም» ብሎ በክብር መሸኘት እንደሚቻል ግን አላስተማርናቸውም። እኛም አናውቀውማ። ሶልያናን ደረጃው ላይ ይሄንን ላስተምራት አስቤአለሁ፤ ጉልበቴ ከፈቀደ።

እሑድ ወደ ሮተርዳም እመለሳለሁ። ጥሩ ጫማዬን አውጥቼ ጠርጌ አስቀምጬዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ወንድሜን ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ አደርሰውና አጥሩን ይዤ እቆም ነበር፤ ዘበኛው «አንቺ ሂጂ ከዚህ» እስኪለኝ። ሰኞ ማንም ሂጂ አይለኝም። የልጅ ልጄን እጅ ይዤ በበሩ እገባለሁ። ይህን ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፤ ሲደርስልኝ ግን ልጄ እቤት ተቀምጣ እያለቀሰች ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።