የካሊሮይ አራት ቁጥር

ካሊሮይን እዚህ የግሪክ ደሴታችን ላይ የማያውቅ የለም። ድምጿ ከመርከቡ ጥሩምባ ቀድሞ ወደቡ ይደርሳል። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አንዲት ክፍል ለበጋ እንግዳ እያከራየች ነው የምትኖረው።

በመጋቢት ቦርሳዋን መርከብ ላይ ጣለች። ደውላ ካርዱን እስክታዘጋ፣ ያገኘው ሰውዬ ከኤቲኤም ሰባት መቶ ዩሮ መዥረጥ! የክፍሏን መታጠቢያ ቤት ልታሠራበት ያጠራቀመችው ነበር። ካልተሠራ ደግሞ ማን ይከራያታል?

ባንክ ሄደች። እኔም ተከተልኩ። ጉዳይ የለኝም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ያመልጠኛል እንዴ?

ሥራ አስኪያጁ ፖሊክሮኒስ የላይኛው ሰፈር የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ኮት ከለበሰ ወዲህ ግን በአፍንጫው ነው የሚያወራው።

«ወይዘሮ ካሊሮይ፣ ሌባው የሚስጥር ቁጥሩን በመጀመሪያ ሙከራ ነው ያገኘው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፈው ከካርዱ ጋር ይዘው ነበር ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ኪሳራው የርስዎ ነው። ባይጽፉት ኖሮ ባንኩ ይከፍል ነበር።»

«እኔ? መጻፍ ለምኔ! የፍልሰታ ማርያም ቀን ነው እኮ! ኦገስት አስራ አምስት፤ አንድ፣ አምስት፣ ዜሮ፣ ስምንት!»

«ኧረ ቀስ! ቁጥር አይናገሩ!»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላዬ ዳቦ ጋጋሪውን ስቴርጊዮስን ሳል ያዘው። የቄሱ ሚስት ቦርሳዋን ጥፍንግ አድርጋ ያዘች።

ካሊሮይ ዞር ብላ አየቻቸው። «አሃ! ስቴርጊዮስ፣ ያንተስ ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«አትቀልድብኝ!»

«ኧረ እትዬ ካሊሮይ… እኔ እኮ የማርያም ስለት አለብኝ!»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለሰች። «ያንተስ፣ የኔ ልጅ? እናትህ በማርያም ቀን አይደል የወለደችህ?»

የፖሊክሮኒስ ጆሮ ቲማቲም መሰለ።

«አንተም ጽፈህ ይዘኸው ነው የምትዞረው?»

በአፍንጫው ማውራቱን እዚያው ተወው። «እትዬ ካሊ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ» አለና ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። «አልጻፈችውም፣ እኔ ምስክር ነኝ… እንዴት ተገመተ? ጌታዬ፣ የዚህን ደሴት ቁጥር ለመገመት ሌባ መሆን አያስፈልግም፤ ክርስቲያን መሆን ይበቃል!»

ገንዘቡ በሁለት ሳምንት ተመለሰ፣ ሃምሳ ዩሮ ብቻ ተቀንሶ። ደንቡ ነው አሉ። ካሊሮይ ሰባት መቶውን ረስታ ስለ ሃምሳው እስከ ዛሬ ትራገማለች። መታጠቢያ ቤቱ ግን አማረ።

ያን ቀን ከባንኩ ስንወጣ ኤቲኤሙ ጋ የነበረው ሰልፍ! ሁሉም ቁጥሩን ሊቀይር። ካሊሮይም የተሰጣትን አዲስ ካርድ ቁጥር ቀይራ ስትመጣ ጆሮዬ ስር ተጠጋች።

«እኔስ ማንም የማያስበውን አደረግኩ።»

«የመርከበኞቹን ጠባቂ፣ የቅዱስ ኒኮላስን ቀን?» አልኳት።

ክው አለች። ተመልሳ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች።