ሃምሳ ቁጥር ዘይት

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርሁ። የመኪናው ጌታ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደ ሰዉ «ሃምሳ አለቃ» እላቸው ነበር። ሥራችን ከቡሬ በርበሬና ኑግ፣ ከጅጋ ጤፍና በቆሎ እየጫንን መመላለስ ነው። የበርበሬው ጆንያ ያስነጥሳል፣ መንገዱ ወገብ ይቆርጣል፣ ክረምቱ ጭቃ፣ በጋው አቧራ ነው። ያን ዘመን ሳስበው ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ድካሙ ነው።

ድካሙ ደግሞ ገና በጠዋት ይጀምራል፤ ምክንያቱም ዘይት ነበር።

የሞተር ዘይት ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም ውፍረቱን ይናገራል። ሠላሳው ቀጠን ያለ ነው፣ አርባው ወፈር ይላል፣ ሃምሳው ደግሞ ብርድ ሲያገኘው እንደ ማር ይለጠጣል። ዓባይ በረሃ ወርደው ለሚወጡ ከባድ መኪናዎች ወፍራሙ ይስማማቸዋል፤ የበረሃው ሙቀት ያቀጥነዋልና። ለእኛ አገር ጠዋት ግን ሠላሳ ይበቃል። ወፍራም ዘይት በብርድ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ወደ ላይ እስኪደርስ ድረስ ብረት ብረትን ይበላል። ይህን ለሃምሳ አለቃ ስንት ጊዜ እንደ ነገርኋቸው እኔና እግዜር ነን የምናውቅ።

«እስቲ ስማኝ» ይሉኛል፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ከሠላሳና ከሃምሳ ማን ይበልጣል?»

«ሃምሳ ይበልጣል፤ ግን እኮ...»

«በቃ! ግን የሚባል ነገር ጦር ሰፈር አይገባም። ሃምሳ አለቃ ቤት የሚገባው ሃምሳ ነው። እንግዳ ሲመጣብኝ ቅራሪ አላቀርብም፣ ለመኪናዬም ቅራሪ አላጠጣም።»

ቡሬ ያለው ዘይት ሻጭ ይህን ስለሚያውቅ ገና ከሩቅ ሲያየን ወደ በርሜሉ ይሄዳል። «ሃምሳ ለሃምሳ አለቃ!» እያለ ይቀዳል። እሳቸው ደረታቸውን ይነፋሉ፤ እኔ ነገ ጠዋት የሚጠብቀኝን እያሰብሁ አንገቴን እደፋለሁ።

የሚጠብቀኝ ይኸ ነው፤ ዘይቱ ስለሚረጋ ባትሪው ሞተሩን ማዞር ያቅተዋል። በአሮጌ ቆርቆሮ ፍም አምጥቼ ከሞተሩ ሥር አስቀምጣለሁ። ዘይቱ እስኪፈታ እቁለጨለጫለሁ። ከዚያ ማኖቬላውን፣ ከፊት ተሰክቶ በእጅ የሚዞረውን ብረት፣ እታገለዋለሁ። አንዳንድ ቀን መልሶ ይራገጣል፤ ትከሻዬን ነዝሮኝ ይውላል። አንድ መሪጌታ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ እንዲያው ስጠመዝዝ አገኙኝና «ልጄ፣ ይኸ መኪና ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ነው እንዴ ያደረው? መነሣት አቃተው እኮ» ብለውኝ አለፉ። መሳቅ አቃተኝ።

ትቻቸው ልሂድ ብል አንጀቴ እምቢ አለ። ያ መኪና ሁለመናቸው ነበር። በወጣትነታቸው ወታደር ቤት ሲገቡ የርስት ድርሻቸውን ከጅጋ ወዲያ ለሚኖር ታላቅ ወንድማቸው ጥለው፣ ተኳርፈው ነው የሄዱት። ጡረታ ሲወጡ ያላቸውን ሁሉ አራግፈው መኪናውን ገዙ። ወንድማቸውም ይህን ሲሰማ «ብረቱ አርጅቶ ሲጥልህ እኔ ደጅ ትቆማለህ» ብሎ ልኮባቸዋል። ሞተሩ ከሞተ መግቢያቸው ያ ደጅ ብቻ ነው፤ ያንን ደጅ ከሞት አስበልጠው ይፈሩት ነበር። የእኔም እንጀራ የተንጠለጠለው ከዚያው ሞተር ላይ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ቡሬ ላይ፣ ዘይት ሻጩ ደጃፍ ቆመን ሳለ፣ አንድ ጋቢ የለበሰ ሽበታም ሰው ከገበያተኛው መካከል ወጥቶ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። የድሮ የጦር ጓደኛቸው ኖሯል። እንባው እየወረደ፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «አሥር አለቃ! አሥር አለቃዬ! አለህ እንዴ አንተ ሰው!» አለ።

«አሥር?» አለ ዘይት ሻጩ።

ሰውዬው ተንኮል አላሰበም። «አዎን እንጂ! በአሥር አለቅነት ባንድ ቀን አይዶለም እንዴ የተሰናበትነ!» ብሎ በደስታ አስረዳ።

ሃምሳ አለቅነቱን የሰጣቸው ከተማው ነበር፤ እሳቸው ያደረጉት ነገር ቢኖር አለማረም ነው። ዘይት ሻጩ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። እሳቸው ጓደኛቸውን ጠላ ጋብዘው፣ ስለ ልጆቹ ጠይቀው፣ ስመው ሸኙት። ፊታቸው ግን አመድ መስሎ ነበር። ወደ በርሜሎቹ ተመልሰው ሲያበቁ እኔን እንጂ ሻጩን ሳያዩ «ለሞተሩ ልክ የሆነው የትኛው ነው?» አሉኝ።

«ሠላሳው ነው።»

«እንግዲያው እሱን ግዛ።»

ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቃል ነበር። ሲመጣ ግን ደስ አላለኝም፤ እንዲያውም ልቤ ተሰበረ።

ወፍራሙን አፍስሼ ቀጭኑን ሞላሁ። በማግስቱ ጠዋት ፍም አላስፈለገኝም፤ ቁልፉን እንዳዞርሁ ተነሣ። ትከሻዬ ዐረፈ ብዬ ሳልጨርስ፣ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ከሥር ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ገባኝ። ዋናው የሞተር ዘንግ የሚሽከረከርበት ብሮንዚን ተበልቶ አልቋል፤ ወፍራሙ ዘይት ድምፁን አፍኖት ኖሯል። ያ ወፍራም ዘይት ይሁን የበላው፣ ወይስ ሲገዙትም ያለቀ ነበር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛው ሲጠራ የሚጠቅመን ጊዜ አልፎ ነበር።

ማስጠገኛው አዲስ አበባ ነው፤ ወጪውም የሚሞከር አልነበረም። የቀረው መንገድ መኪናው እየሄደ ሳለ መሸጥ ብቻ ነው። አንድ የደምበጫ እህል ነጋዴ ሊያየው ቀጠሮ ያዘ።

በቀጠሮው ጠዋት አፍስሼ ያስቀመጥሁትን ዘይት በጣሳ ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። «ሃምሳውን እንመልስበት» አልኋቸው። «ድምፁን ይውጠዋል። ገዥው ዞር እስኪል ብቻ።» ስንት ጊዜ ስረግመው የኖርሁትን ዘይት ያን ቀን እንደ ታቦት ተሸክሜ ለመንሁ። ምን ላድርግ፣ የምንገባበት ጠፍቶኝ ነበር።

«አይሆንም» አሉ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ስለ እግዚአብሔር!»

«ባልሆንሁት ቁጥር ስጠራ ኖርሁ፤ ደከመኝ፣ ልጄ። ይኸን ምስኪን መኪና ደሞ በስተርጅናው አላስዋሸውም።»

ነጋዴው መጣ። ኮፈኑን አስከፍቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ እስኪሞቅ ጠበቀ፤ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። ከዚያ ጆሮውን ጣል አደረገ።

«ምን ዘይት ነው ያለበት?»

«ሠላሳ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አትድከም፣ የምትሰማው የራሱ ድምፅ ነው። ብሮንዚኑ አልቋል።»

ነጋዴው ከሞተሩ ቀና አለ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ከጉድ አወጡኝ» አለና በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ።

በሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽሁ። «ምናለ ዝም ቢሉ! አፍ አውጥተው መናገር ምን ይሉታል? አሁን የት ሊገቡ ነው?»

እሳቸው ኮፈኑን ቀስ ብለው ከደኑት፤ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ወንድሜ ዘንድ» አሉ። «እሱስ የሚያውቀኝ ገና አንድም ማዕረግ ሳይኖረኝ ነው።»

ጣሳውን መሬት ላይ አኑሬ መኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጥሁ፤ እሳቸውም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።